በሩቅ ገበያዎች መካከል መተማመን፤ ከሲራራ ነጋዴ እስከ ምርት ገበያ

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ንግድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ወጣውና ስለ ገባው ዕቃ፣ ስለ ቀረጡና ስለ መንገዱ ይተርካሉ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በአንድ አገር የሚኖር ነጋዴ፣ ዐይቶት ለማያውቅ በሌላ አገር ለሚኖር ነጋዴ፣ ብዙ ሸቀጥ በጅምላ ሲሸጥ በምን ተማምኖ ነው? የሚለው ነው። ችርቻሮ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን በእጁ ተቀብሎ ዕቃውን ይሰጣል፤ ገዥውም ቀምሶና ዳስሶ ይገዛል። የጅምላ ንግድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እህሉ በነቀምት፣ ገዥው በደሴ፣ ገንዘቡ በአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል።

በዛሬው ዘመን ይህን ጥያቄ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት አማካይነት ለመፍታት የሚሞክሩ ብዙዎች ናቸው። ነጋዴ ከነጋዴ ጋር በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ገበያዎች ውስጥ ሆኖ፣ ሳይገናኝ የሚገበያይበት መደብር ማቋቋም እንደ አዲስ ጥበብ ይቈጠራል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው፣ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ችግሩ አሮጌ መሆኑን ነው። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2008 (በእኛ አቈጣጠር በ2000 ዓ. ም.) ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ዘመናት፣ ማለት የሲራራ ነጋዴውን ዘመንና የደላላውን ዘመን፣ አስቀድመን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን በሥርዐት ለመመርመር እንዲመቸን በየዘመኑ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። አንደኛ፤ የሸቀጡን መልካምነትና ልክ የሚመሰክረው ማነው? ሁለተኛ፤ ገንዘቡ በርግጥ እንደሚከፈል ዋስ የሚሆነው ማነው? ሦስተኛ፤ የሩቁን ገበያ ዋጋ የሚያመጣ ማነው?

1ኛ/ የሲራራ ነጋዴው ዘመን

በ19ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ገበያዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ቦንጋ፣ በሊሙ እናርያ ሰቃ፣ በጅማ ሂርማታ፣ ከአባይ ወዲያ በጉድሩ አሰንዳቦ፣ ከአባይ ወዲህ በጎጃም ባሶ፣ ከዚያም ጎንደር፣ ከጎንደርም በአንድ ወገን መተማ፣ በሌላው ወገን ዓድዋና ምጽዋ ነበሩ። በሸዋ በኩል ደግሞ አልዩ አምባ ለሐረርና ለዘይላ መንገድ በር ነበረ። በእነዚህ ገበያዎች ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ኮረሪማ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ጨው፣ ጨርቅና መዳብ ወደ ውስጥ ይወጣ ነበር። ባሮችም ከሸቀጥ ጋር ይነዱ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም፤ የዚህን ንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጥበቡን እያደነቀ ግፉን ቢዘል እውነተኛ ጸሓፊ ሊባል አይችልም።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ተቀምጦ ስለ ባሶ ገበያ በጻፈው ውስጥ እንደሚታየው፣ ነጋዴው ከገበያ ወደ ገበያ የሚሄደው ብቻውን አልነበረም። ሲራራው በአንድነት ይጓዛል፤ ምክንያቱም ሽፍታ አለ፤ በየመሻገሪያውም ቀረጥ የሚቀበል ሹም አለ። በክረምትም አባይ ሲሞላ መንገዱ ስለሚዘጋ፣ ነጋዴው ወራቱን ቈጥሮ መነሣትና መድረስ ነበረበት። የአንድ ዙር ንግድ ከዓመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

በዚህ ዘመን ሦስቱ ጥያቄዎች እንዴት ይመለሱ እንደ ነበር እንመልከት።

የሸቀጡ ምስክር ነጋዴው ራሱ ነበር። ዕቃውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ እስከሚሸጥበት ድረስ ከዐይኑ አያርቀውም። ስለዚህም ሌላ ሰው ማመን አያስፈልገውም ነበር፤ ይሁንና ዋጋው ብዙ ነው፤ ዕድሜውን በመንገድ ይጨርሳል።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። ከአፋር በረሓ የሚቈረጠው አሞሌ በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ከጨው ምድር እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው እየጨመረ ይሄድ ነበር። ትልቁ ግዢ ግን የሚፈጸመው 1780 የሚል ዓመት በተቀረጸበት በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ነጋዴዎች ብሩን ሲቀበሉ የንግሥቲቱ ጌጥና ፊት ያልተፋቀ መሆኑን እየመረመሩ ያረጀውን ይመልሱ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ያልሠለጠነ ልማድ አድርጎ ሊገምተው ይችል ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ምርመራ የባንክ ሥራ ነው፤ ባንክ በሌለበት አገር ነጋዴው ሁሉ በየራሱ ባንክ መሆን ነበረበት።

ከነጋዴዎቹ በላይ ደግሞ ነጋድ ራስ ነበረ። ነጋድ ራስ በመጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ ሲሆን፣ በኋላ ቀረጥ ሰብሳቢና ዳኛ ሆነ። በነጋዴና በነጋዴ መካከል ጠብ ሲነሣ የሚፈርደው እርሱ ነው። በዘይላና በበርበራ በኩል ደግሞ አባን የሚባል ሰው ነበረ፤ እንግሊዛዊው በርተን በ1854 እና በ1855 ባደረገው ጕዞ እንደ ጻፈው፣ እንግዳ ነጋዴ አባን ሳይዝ መነገድ አይችልም ነበር። አባኑ አስተርጓሚው፣ ደላላውና ጠባቂው ሲሆን፣ በእንግዳው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነበር። ስለዚህ ዋስትናው የሚገኘው በሰው ነበር፤ በጎሣ፣ በሃይማኖት፣ በጋብቻና በስም። አብዛኛው የሩቅ ንግድ በጀበርቲ ነጋዴዎች እጅ የቈየበትም አንዱ ምክንያት፣ ከምጽዋ እስከ ጅማ ድረስ በየገበያው የሃይማኖት ወንድም የሚቀበላቸው መሆኑ ነው ብለን እናምናለን።

የዋጋው ወሬ ግን ከሲራራው ፈጥኖ ሊሄድ አይችልም። በባሶ ያለ ነጋዴ የምጽዋን ዋጋ የሚያውቀው ከምጽዋ በተመለሰ ሰው አፍ ነው፤ በዚያ ጊዜም ዋጋው ተለውጦ ይሆናል። ገበሬው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ያውቅ ነበር። በድሬዳዋ ነጋድ ራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ጥቅሙ ወደ ዐዋቂው እንደሚያደላ አስረድተዋል። እርሳቸው የተናገሩት ስለ አገሮች ቢሆንም፣ ነገሩ በአንድ አገር ውስጥ በነጋዴና በገበሬ መካከልም እውነት ነው።

2ኛ/ የደላላው ዘመን

የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በምኒልክ ዘመን የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መሥመር ተዘረጋ። ከ1936 እስከ 1941 በቈየው የጠላት ወረራ ጊዜ ለጦር ሲባል የተሠሩት መንገዶች፣ ከነጻነት በኋላ ለካሚዮን ንግድ አገለገሉ። ከዚህም በኋላ ነጋዴው ከሸቀጡ ጋር መጓዙን ተወ። ይህ በንግድ ታሪካችን ውስጥ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃውና ባለቤቱ ተለያዩ። ዕቃው በካሚዮን ይሄዳል፤ ባለቤቱ በቤቱ ይቀመጣል። እንግዲህ በሩቅ አገር ስለ እርሱ ሆኖ የሚያይለት ዐይን አስፈለገው።

ይህም ዐይን ደላላው ነው። በአዲስ አበባ በመርካቶ እህል በረንዳ የተባለው ስፍራ የአገሪቱ የእህል ንግድ እንብርት ሆነ። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከአርሲና ከሸዋ የተጫነ እህል እዚያ ይራገፋል፤ ወደ ወሎ፣ ወደ ትግሬና ወደ ሐረርጌም ከዚያ ይነሣል።

በ1950 የእህል ቦርድ፣ በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቁመው መንግሥት የጥራቱን ነገር ለመቈጣጠር ሞክሮአል። ከ1974 አብዮት በኋላ ደግሞ በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በአጭሩ እሰገድ፣ ተመሠረተ። ድርጅቱ ለየወረዳው ኮታ እየጣለ በተወሰነ ዋጋ እህል ይገዛ ነበር፤ ነጋዴው ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እህል እንዳያሻግር በየኬላው ይከለከል ነበር። ይህ ሥርዐት ከላይ ላቀረብናቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ሰጠ ማለት ይቻላል፤ መስካሪውም፣ ከፋዩም፣ ዋጋ ነጋሪውም መንግሥት ሆነ። ይሁን እንጂ ገበሬው በግድ የሸጠውን እህል በኋላ ከገበያ በውድ የሚገዛበት ጊዜ ነበር። በመጋቢት 1990 የቅይጥ ኤኮኖሚ መርሕ ሲታወጅ የእህል ንግድ ተለቀቀ፤ ደላላውም ወደ ስፍራው ተመለሰ።

የዚህን የደላላ ሥራ በጥልቅ ያጠኑት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ናቸው። በ1990ዎቹ በእህል ነጋዴዎችና በደላሎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ደላላው ብዙ ሰዎች እንደሚያስቡት በሰው ድካም የሚበላ ተራ አቀባባይ አለመሆኑን አስረድተዋል። እህሉ ደረጃ ያልወጣለት ስለ ሆነ፣ ሕግም ውልን በፍጥነት የማያስፈጽም ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ከማያውቀው ሰው ጋር መገበያየት ይፈራል። ደላላው ግን ሁለቱንም ያውቃል። እህሉን ይመረምራል፤ ገዥ ይፈልጋል፤ ጠብ ሲነሣ ያስታርቃል፤ ለዚህም በኵንታል የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል።

እኛም ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ ወደ እህል በረንዳ ሄደን ነበር። በዚያ አንድ ሽማግሌ ደላላ ጆንያውን በሹል ብረት ወግተው ጥቂት ስንዴ በመዳፋቸው ካወጡ በኋላ፣ አሽትተው፣ በጥርሳቸው ሰብረው፣ የየት አገር እህል እንደ ሆነና በክረምት ይሁን ከክረምት በኋላ እንደ ታጨደ ነገሩን። «አባታችን፣ ይህን ሁሉ በማሽን መለካት አይቻልም ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ማሽን ርጥበቱን ይለካ ይሆናል። እህል ግን አፍ የለውም፤ ስለ እርሱ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ዛሬ ብዋሽ ነገ ማን ይደውልልኛል?» አሉን። በእኛ አስተያየት በዚህ አነጋገር ውስጥ የደላላው ዘመን ሕግ በሙሉ ይገኛል። ዋስትናው የነገው ስልክ ነው።

ይህ ሥርዐት ግን ድካም አለው። ደላላው የሚያውቃቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አዲስ ነጋዴ በቀላሉ አይገባበትም። ነጋዴው ካሚዮኑ ጋ ሄዶ ማየት ስለሚኖርበት እህሉ በየደረጃው ይራገፋል፣ ይመረመራል፣ እንደ ገና ይጫናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ አገር ሲጠግብ ሌላው አገር በፍጥነት አይሰማም።

የዚህም ውጤት በ2001 እና በ2002 በግልጥ ታየ። በእነዚያ ዓመታት መከሩ መልካም ነበር፤ በቈሎ ግን በበዛበት አገር ገዥ አጥቶ ዋጋው ከግማሽ በላይ ወደቀ። አንዳንድ ገበሬዎች የማሳጨጃው ወጪ ከእህሉ ዋጋ ስለ በለጠባቸው በቈሎውን በማሳ ላይ ተዉት። ለማዳበሪያ የተበደሩትን መክፈል ያልቻሉ በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ መግዛቱን ቀነሱ። በ2002 ዝናቡ ሲጐድል በ2003 ከ12 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሆነ። ጥጋብና ረኀብ በአንድ አገር ውስጥ እንዲህ ተከታትለው መምጣታቸው የዝናብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል። የምርት ገበያው ሐሳብ ጉልበት ያገኘውም ከዚህ ጥፋት በኋላ ነው።

3ኛ/ የምርት ገበያው ዘመን

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተቋቋመው በአዋጅ ቍጥር 550/1999 ሲሆን፣ ተቈጣጣሪው ባለሥልጣን በአዋጅ ቍጥር 551/1999 ተመሠረተ። ግብይቱ የተጀመረው በሚያዝያ 2000 ዓ. ም. ነው፤ የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅም ዶክተር እሌኒ ነበሩ፤ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚሁ ሥራ ቈይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ይህ ገበያ በኋላ የኮምፒዩተር ገበያ ቢሆንም፣ አነሣሡ ከኮምፒዩተር አልነበረም። የመጀመሪያው ሥራ መጋዘንና ሚዛን ነበር። በየምርቱ አገር መጋዘኖች ተዘጋጁ። አቅራቢው ምርቱን ወደ መጋዘን ሲያመጣ ይመዘናል፣ ርጥበቱ ይለካል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ቡና ከሆነ ተቈልቶ ይቀመሳል። ቀማሹ የማን ቡና እንደ ሆነ አያውቅም። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል። በአዲስ አበባ የሚሸጠውም ጆንያው ሳይሆን ይህ ደረሰኝ ነው። ገዥው ሸቀጡን ሳያይ ይገዛል፤ ምክንያቱም ደረጃውን ተቋሙ መስክሮለታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ነው። በገበያው ውስጥ የሚገበያዩት አባሎች ናቸው፤ አባልነትም በመቀመጫ ይገዛል። ገዥው አስቀድሞ በባንክ ገንዘብ ማስቀመጥ ይገባዋል። ግብይቱ ሲፈጸም ገንዘቡ በማግሥቱ ከገዥው ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይተላለፋል። ቀድሞ ለነጋዴ በዱቤ ሰጥቶ ሳምንትና ወር ይጠብቅ ለነበረ አቅራቢ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሦስተኛው የዋጋው ወሬ ነው። በገበያው የተቈረጠው ዋጋ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎች፣ በሬዲዮና በስልክ መልእክት እንዲነገር ተደረገ። ቡና በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ፣ ስንት እንደ ዋለ በሩቅ ያለ ሰው በዚያው ቀን ሊያውቅ ቻለ። ቀድሞ ሲራራው በወራት ያመጣው የነበረውን ወሬ፣ አሁን ሰሌዳው በዕለቱ ያመጣዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግብይቱ የሚፈጸመው በአንድ አዳራሽ ውስጥ በጩኸት ነበር። ሻጭና ገዥ ዋጋ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። በአገር ቤት ገበያ የከብት ሻጭና ገዥ እጅ ተማትተው ሲስማሙ ያየ ሰው ይህን አይቶ እንግዳ አይሆንበትም። በ2015 ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። ከዚያም ከአዲስ አበባ ውጭ በሐዋሳ፣ በነቀምት፣ በጎንደር፣ በሁመራ፣ በጅማና በአዳማ የኤሌክትሮኒክ መገበያያ ማዕከሎች ተከፈቱ፤ ነጋዴውም ለመሸጥ ወደ ዋናው ከተማ መምጣቱ ቀረለት። እንግዲህ በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ገበያዎች መካከል ያለ ገጽ ለገጽ መገናኘት የመገበያየት ሐሳብ በአገራችን የተፈጸመው በዚህ ዐይነት ነው። መጋዘኑ በ2008፣ የኮምፒዩተሩ መስኮት በ2015፤ በመካከላቸው ሰባት ዓመት አለ።

4ኛ/ ያልተሳካውና የጠፋው

የምርት ገበያውን ታሪክ በምስጋና ብቻ መጨረስ ቀላል ነበር፤ የታሪክ ተማሪ ግን ያልተሳካውንም መመርመር ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው፣ ገበያው የተቋቋመው ስለ እህል ሆኖ ሳለ እህሉ ወደ እርሱ ሳይመጣ መቅረቱ ነው። በቈሎና ስንዴ በአብዛኛው በእህል በረንዳና በየክፍለ ሀገሩ ደላሎች እጅ ቀረ። ገበያውን ያቆመው ቡና ነው። ቡናም በፈቃዱ አልመጣም፤ በአዋጅ ቍጥር 602/2000 ተገዶ ነው የመጣው። ቀድሞ የነበረው የቡና ጨረታ ተዘግቶ፣ ከታኅሣሥ 2001 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ አብዛኛው የውጭ ገበያ ቡና በዚሁ እንዲያልፍ ሆነ። ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄም ተከተሉ።

ይህ ለምን ሆነ? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ሁለት ነው። ቡና ዋጋው ከፍ ያለ፣ ደረጃውም በዓለም የታወቀ ስለ ሆነ የመጋዘኑንና የመመዘኛውን ወጪ ይችላል። በቈሎ ግን ርካሽ ነው፤ ወደ መጋዘን መጫኛው፣ ማራገፊያውና ማስቀመጫው ከትርፉ ላይ ይበላል። ሁለተኛውም ምክንያት፣ የእህል ነጋዴው ደላላውን የሚያምነው በልማድ ሲሆን፣ ያንን ልማድ የሚያስተው በቂ ጥቅም አላገኘም። ከዚህ የምንማረው፣ መደብር ስለ ተከፈተ ብቻ ነጋዴ እንደማይመጣ ነው። አሮጌው መንገድ ያለ ምክንያት አልተሠራም።

ሁለተኛው ነገር የስሙ መጥፋት ነው። ከላይ እንደ ተናገርነው፣ ቀማሹ ቡናው የማን እንደ ሆነ አያውቅም። ይህ ለፍርድ መልካም ነው፤ አድልዎን ያስቀራል። ነገር ግን በአንድ ደረጃ የገባው ቡና ሁሉ ተደባልቆ ሲከማች፣ የይርጋ ጨፌ ወይም የሲዳማ መሆኑ ቢታወቅም፣ የየትኛው ቀበሌና የየትኛው ማጠቢያ ቡና እንደ ሆነ መለየት አይቻልም ነበር። በአሜሪካና በአውሮጳ ያሉ ምርጥ ቡና ገዥዎች ደግሞ ውድ ዋጋ የሚከፍሉት ይህን ለማወቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ ሲከራከር ቈይቶ፣ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ነበር። በውጭ አገር ስለ ስም እየታገልን፣ በዓመቱ በአገር ውስጥ የገበሬውን ስም በመጋዘን ደባለቅነው ማለት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየኖችና ትልልቅ አልሚዎች በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ስለ ተፈቀደላቸው ስማቸውን ማቈየት ችለዋል። በተራው አቅራቢ በኩል የሚሸጠው ገበሬ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቍጥጥር አዋጅና ከእርሱ በኋላ የተከተሉት መመሪያዎች፣ የቡናውን አመጣጥ መከታተል እንዲቻልና ላኪው ከአምራቹ ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ በሩን ከፈቱ።

የሦስቱን ዘመናት ነገር ስናነጻጽር የምናገኘው ይህ ነው። በሲራራው ዘመን ዋስትናው በሰው ነበረ፤ በደላላው ዘመን በስልክና በስም ሆነ፤ በምርት ገበያው ዘመን በወረቀትና በሚዛን ሆነ። ወረቀቱ ከሰው ይበልጣል፤ የማያውቁ ሰዎችን ያገናኛልና። ነገር ግን ወረቀቱ የሰውን ስም ሲያጠፋ፣ በስሙ ሊያገኝ ይገባው የነበረውን ጥቅም አብሮ ያጠፋል።

መደምደሚያ

በዛሬው ቀን በኢንተርኔት የጅምላ መደብር ለመክፈት የሚያስቡ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው፤ ከእኛ ጓደኞች መካከልም አሉ። ሁኔታውም ከቀድሞው ይመቻል። በ2020 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ በሕግ ዕውቅና ሰጥቶአል። በግንቦት 2013 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ገንዘብን በስልክ ማስተላለፍን ለብዙ ሰው አቅርቦአል። እነዚህ ነገሮች የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ያቀልላሉ፤ ገንዘቡ ቶሎ ይደርሳል፣ የዋጋውም ወሬ ቶሎ ይሰማል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። በሐዋሳ የተጫነውን ሸቀጥ በደሴ ያለው ገዥ ከማራገፉ በፊት የሚመሰክርለት ማነው? ዕቃው የተባለውን ያህል ባይሆን የሚፈርደው ማነው? ይህን ሳይመልስ በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ገበያ መደብር የሚከፍት ሰው፣ መጋዘን ሳይሠራ ደረሰኝ እንደሚጽፍ ሰው ይሆናል። የምርት ገበያው ታሪክ የሚያስተምረን ሚዛኑና መጋዘኑ ከመስኮቱ መቅደም እንዳለባቸው ነው፤ እንዲሁም ሁሉንም ሸቀጥ በአንድ ጊዜ ከመያዝ ይልቅ ወጪውን በሚችል አንድ ሸቀጥ መጀመር እንደሚሻል ነው።

በመጨረሻም ደላላውን በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምራለን። በትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ደላላ የሚለውን ስም ብዙውን ጊዜ በንቀት እንጠራለን። ታሪኩን ስንመረምር ግን፣ አገሪቱ ደረጃ መዳቢ፣ ዳኛና ባንክ ባልነበራት ጊዜ ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ራሱ ይሠራ የነበረው እርሱ ነው። ይህን ዕውቀት ንቀን አዲስ ተቋም ብናቆም፣ እህሉ እንደ ቀረብን እኛም ከእህል በረንዳ ውጭ እንቀራለን። ዕውቀቱን ተቀብለን በሚዛንና በሕግ ብናጸናው ግን፣ በጥጋብ ዘመን በቈሎው በማሳ ላይ የሚቀርበት ገበሬ እንዳይኖር ለማድረግ አንድ ርምጃ እንራመዳለን። በዚህ ረገድ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ የገበያ ደላሎች የሚያውቁት ከሞት በፊት እንዲጻፍ፣ ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች በየዕረፍት ጊዜያቸው ወደየአገራቸው ሲመለሱ ሽማግሌዎቹን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።